የመኪና ኤሲ ኮንዴንሰር አቀያየርና እርጥበት አወጣጥ፦ አዲስ አበባ ላይ ጌጁ 29 የማይደርሰው ለምንድን ነው?

ግንቦት ላይ አንድ ቪትዝ መጣልኝ። ባለቤቱ ድሬዳዋ ደርሶ መመለሱ ነው። «ኮንዴንሰሩ ከተቀየረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ጋዙም ሙሉ ነው ተብያለሁ። ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ከነዳሁ በኋላ ቅዝቃዜው ጥፍት ይላል። አጥፍቼው ትንሽ ቆይቼ ስከፍተው ደግሞ ይመለሳል» አለኝ። ጌጅ ሰክቼ በሚኒሞ አስነሳሁት። መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን የሰማያዊው (የዝቅተኛው ግፊት) ጌጅ መርፌ ቀስ እያለ ወርዶ ከዜሮ በታች ገባ። ሞተሩን አጥፍቼ አሥር ደቂቃ ስጠብቅ ተመለሰ።

እንዲህ የሚያደርገው ውኃ ነው። በሲስተሙ ውስጥ የቀረች ትንሽ እርጥበት ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ፈሳሹን በጠባብ ቀዳዳ የሚያሳልፈው) ጋ ስትደርስ በረዶ ትሆንና ቀዳዳውን ትዘጋዋለች። ሲሞቅ በረዶው ይቀልጣል፣ መንገዱም ይከፈታል። ኮንዴንሰሩን፣ ማለትም ትኩሱን ጋዝ አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርገውን ክፍል፣ የቀየረው ባለሙያ ብሎኑን በደንብ አጥብቋል፣ ጋዙንም በትክክል ሞልቷል። የሳተው በመካከል ያለውን ሥራ ነው። ቫኪዩም ያደረገው፣ ማለትም አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ የሳበው፣ ለአሥር ደቂቃ ነበር። መርፌው 21 ኢንች ላይ ሲቆምበት «ፓምፑ ደክሟል፣ ይበቃል» ብሎ ጋዝ ሞልቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ መፍታትና መግጠም ባጭሩ ነው የምናገረው፤ ብዙ የምቆየው እርጥበቱ ላይ ነው። መፍታቱን እጅ ያለው ሁሉ ይችለዋል።

ከመፍታታችሁ በፊት

ጥፋቱ የኮንዴንሰሩ መሆኑን አረጋግጡ። ኮንዴንሰር ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቀመጥ የመንገዱን ጠጠር በቅድሚያ የሚቀበለው እሱ ነው። የሚያፈስበት ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ የያዘ የዘይት እድፍ ይታያል፤ ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ነውና። በላቫጆ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ በቅርበት የተረጨበት ኮንዴንሰር ክንፎቹ ይተኛሉ። ያ አየር ይከለክለዋል እንጂ የግድ አያፈስም፤ በማበጠሪያ ማቅናት ይቻላል። ኮምፕረሰሩ ተቃጥሎ ብናኝ ብረት የረጨ ከሆነ ግን ኮንዴንሰሩ ባያፈስም ቀይሩት። የዛሬዎቹ ኮንዴንሰሮች ቱቦዎች እንደ ክር የቀጠኑ ቀዳዳዎች ናቸው፤ አጥቤ አጸዳሁት የሚል ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው።

ከኮፈኑ ሥር ያለውን ተለጣፊ አንብቡ። የጋዙ ዓይነትና ክብደት እዚያ ተጽፏል። አር 134ኤ ከሆነ በዚሁ ቀጥሉ። አር 1234ዋይኤፍ የሚል ከሆነ መሣሪያው ሌላ ነው፤ ጋዙም በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው። ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪኖች ኮምፕረሰራቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው የሚሠራው። ብርቱካናማውን ኬብል ያለ ሥልጠና አትንኩ። ዘይቱም ይለያል፦ ለተራ ቶዮታ የሚገባው ፓግ ዘይት የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰርን ሽፋን ስለሚያበላሽ እዚያ ፖኢ ዘይት ነው የሚገባው። አንድ መርፌ ዘይት መቀላቀል ብቻ ውድ ኮምፕረሰር ሊያስጥል ይችላል።

አዘጋጁ፦ ማኒፎልድ ጌጅ፣ ባለሁለት ደረጃ ቫኪዩም ፓምፕ፣ የማይክሮን ጌጅ፣ ናይትሮጅን ከነማስተካከያው፣ ዲጂታል ሚዛን፣ አዲስ ኦሪንጎች፣ አዲስ ድራየር (እርጥበት መጣጭ)፣ የመኪናው ዘይት፣ መነጽርና ጓንት። ከነዚህ ውስጥ ሰው የሚዘለው ማይክሮን ጌጁን ነው። ለምን እንደማይዘለል ወደ ኋላ ታያላችሁ።

ጋዙን ማውጣት

ኮንዴንሰሩ ቢያፈስም ውስጡ ጋዝ ሊቀር ይችላል። በማሽን ስቡት። ቱቦውን ፈትቶ ወደ ሰማይ መልቀቅ የተለመደ ቢሆንም ልማድ መሆኑ ትክክል አያደርገውም፤ አር 134ኤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያህል ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ነው። ፈሳሹ ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ያቃጥላል፤ በተለመደው የባሕር ጠለል ግፊት የሚፈላው በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። አጠገባችሁ ሲጋራም ሆነ ነበልባል አይኑር። ጋዙ እሳት ሲነካው መርዛማ ጭስ ይሆናል።

ማሽኑ ከጋዙ ጋር የሳበውን ዘይት ለክታችሁ ጻፉት። ኋላ የምትመልሱት ያንኑ ነው።

መፍታት

የባትሪውን ነጌቲቭ አንሡና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። ብዙ መኪና ላይ የኤርባግ ሴንሰር ከፊት ለፊት ስላለ ነው። ከዚያ ግሪሉን፣ እንደ መኪናው ሁኔታም ባምፐሩን አውርዱ። የላስቲክ መያዣዎቹን በካቻቢቴ ስታነሡ አትቸኩሉ፤ የተሰበረ መያዣ ኋላ በሽቦ ይታሰራል፣ ያም መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ሁለቱ ቱቦዎች ኮንዴንሰሩ ላይ የታሰሩት አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ በሚፈታው ብሎን ወይም ዳዶ ነው። ብረቱ አሉሚኒየም ስለሆነ ጎትታችሁ አታጣምሙት። ቱቦው እንደወጣ ወዲያውኑ አፉን ድፈኑት። ንጹሕ ላስቲክና ፕላስተር ይበቃል። አፉ ተከፍቶ ሻይ ልጠጣ ብሎ መሄድ የለም፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ ውኃ ነው።

ራዲያተሩን የሚይዙትን የላይኛ መያዣዎች ፈትታችሁ ራዲያተሩን ትንሽ ወደ ሞተሩ ስትገፉት ኮንዴንሰሩ ወደ ላይ ይወጣል። ካልወጣ አታስገድዱት፤ የረሳችሁት አንድ ብሎን አለ ማለት ነው።

አዲሱን መግጠም

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የቱቦ አፎቹን አቅጣጫ፣ የመያዣ ጆሮዎቹን፣ ውፍረቱን አወዳድሩ። የአዲሱ ክዳን ሲከፈት «ፍስስ» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ፋብሪካው ደረቅ ጋዝ ሞልቶበት ሳይከፈት ደርሷችኋል። ድምፅ ካልሰጠ ወዲያው መጥፎ ነው አይባልም፤ ግን ክዳኑ ላልቶ እንደሆነ እዩ።

ድራየሩን አስቡበት። በብዙ ዘመናዊ ቶዮታዎች ድራየሩ ለብቻው ጠርሙስ አይደለም፤ ከኮንዴንሰሩ ጎን ባለው ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ከረጢት ነው፤ ክዳኑም በ14 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ይፈታል። አዲሱ ኮንዴንሰር ከነከረጢቱ ከመጣ አትክፈቱት። ለብቻው ከመጣ ደግሞ ማሸጊያውን የምትቀዱት ልትከቱት ስትሉ ብቻ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደረቅ ፍሬ እርጥበት እንዲጠጣ ነው የተሠራው፤ ጠረጴዛ ላይ ካሳደራችሁት የጋራዡን አየር ጠጥቶ ጠግቦ ነው የሚገባው። አሮጌውን ድራየር መልሶ መክተት ደግሞ የጠጣውን ውኃ መልሶ እንደ መጨመር ነው።

ዘይቱ ላይ አትገምቱ። አሮጌው ኮንዴንሰር ውስጥ የቀረ ዘይት ስላለ ማሽኑ ከሳበው በተጨማሪ ለአዲሱ ከ30 እስከ 40 ሲሲ ያህል ይጨመራል፤ ትክክለኛውን ከመኪናው መመሪያ ውሰዱ። በሐኪም ቤት መርፌ ለክታችሁ በኮንዴንሰሩ መግቢያ ጨምሩት። ፓግ ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይጠጣል፤ ጣሳውን እንደ ቀዳችሁ ክደኑ። ክዳኑ ተከፍቶ ወራት የቆየ ጣሳ ካላችሁ ለሌላ ነገር አውሉት።

ኦሪንጎቹን ሁሉ በአዲስ ቀይሩ፤ በዚያው ዘይት ቀቡና አስገቡ። ሲሊኮንም ግራሶም አይቀባም። በብዙ ቶዮታዎች የቱቦው ብሎን የሚጠብቀው በ5.4 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ይህ በሁለት ጣት የሚጠብቅ ያህል ነው። ክንዱን የሚያምን መካኒክ አሉሚኒየሙን ይቀደዋል፣ ኦሪንጉንም ይጨፈልቀዋል፤ ከወር በኋላ ጋዝ የጨረሰ መኪና ይመለስበታል።

መጀመሪያ ናይትሮጅን

የሚያፈስ ሲስተም ላይ ቫኪዩም ማድረግ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ስለዚህ በፊት ናይትሮጅን በማስተካከያ አድርጋችሁ እስከ 10 ባር ያህል ሙሉና መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ እዩ። ሃያ ደቂቃ ጠብቁና መርፌውን ተመልከቱ። ማስተካከያ የሌለው ሲሊንደር አታገናኙ፤ ውስጡ ከ150 ባር በላይ ሊኖር ይችላል። ኦክስጅን ፈጽሞ አይገባም፤ ከዘይት ጋር ይፈነዳል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር አየርም አይሆንም፤ የሚያስገባው ውኃ ነው።

ናይትሮጅኑ ራሱ ደረቅ ነው። ስትለቁት ጥቂት እርጥበት ይዞ ይወጣል፤ ይህን ወደ ኋላ እንጠቀምበታለን።

እርጥበቱን ማውጣት

ብዙ ሰው ቫኪዩም ፓምፕ ውኃን እንደ ለስላሳ መጠጥ በስትሮ ይመጠዋል ብሎ ያስባል። አይመጠውም። ፓምፑ የሚያደርገው ግፊቱን ማውረድ ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ውኃው በክፍሉ ሙቀት ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ድስት ላይ ያለ ውኃ ከ100 ቀድሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ግፊቱን ከዚያም እያወረድን ብንሄድ ውኃው በ20 ዲግሪ የሚፈላው 17.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ላይ ሲደርስ ነው። በ10 ዲግሪ ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ። የመኪናው አካል በቀዘቀዘ ቁጥር ቫኪዩሙ የበለጠ መጥለቅ አለበት።

አሁን ወደ ጌጁ። ሰማያዊው ጌጅ የሚለካው በውስጡና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ፣ የአየሩ ግፊት 29.9 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ስለሆነ ፍጹም ቫኪዩም ላይ መርፌው ወደዚያ ይጠጋል። የውጭ አገር ቪዲዮ ሁሉ «29 ይድረስ» የሚለው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ አየሯ 22.5 ኢንች ብቻ ይጫናል። ስለዚህ ከዓለም ምርጡን ፓምፕ ብታመጡ መርፌው ከ22.5 አያልፍም። ሐዋሳ ላይ 24 እና ጥቂት፣ ድሬዳዋ ላይ 25.7 ገደማ፣ ሰመራ ላይ 28 ያልፋል። ከጅቡቲ ወደ ላይ ስትወጡ በየ300 ሜትሩ ወደ አንድ ኢንች ቀንሱ፤ ለሥራ የሚበቃ ግምት ነው።

ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንዱ 29 አልደርስ ሲለው ፓምፑን ይጥልና አዲስ ይገዛል። ሌላኛው፣ ይሄ ነው የባሰው፣ «እዚህ አገር 21 ከደረሰ ጥሩ ነው» ብሎ ያቆማል። ቁጥሩን አስሉት፦ አዲስ አበባ ላይ መርፌው 21.5 ካሳየ ውስጥ የቀረው ግፊት አንድ ኢንች፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ግፊት ውኃ የሚፈላው በ25 ዲግሪ ገደማ ነው። የጋራዡ ሙቀት 20 ከሆነ ውኃው አይፈላም፤ ተኝቷል። 22 ካሳየ ግን የሚቀረው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ውኃውም በ14 ዲግሪ ይፈላል። በመፍላትና ባለመፍላት መካከል ያለው ግማሽ ኢንች ነው፤ የርካሽ ጌጅ መርፌ ውፍረት ራሱ ከዚያ ብዙ አያንስም። ያ ቪትዝ ደግሞ ገና 21 ላይ ነው የቆመው፤ የተበላሸው በዚህ ነው።

ማይክሮን ጌጅ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። እሱ ከፍጹም ባዶ ተነሥቶ ስለሚለካ ከፍታው አያታልለውም። 1,000 ማይክሮን አንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ግባችሁ ከ1,000 በታች ይሁን፤ 500 ከደረሳችሁ እሰየው። ጌጁን ፓምፑ ላይ አትግጠሙት፤ እዚያ ሁልጊዜ ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ከፓምፑ በሚርቀው፣ በሲስተሙ በኩል አድርጉት።

አሁን ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል አድርጉ፦

1. የፓምፑን ዘይት እዩ። እንደ ወተት ከደፈረሰ ውኃ ጠጥቷል፤ ቀይሩት። ርካሽ ነገር ነው፤ ባለመቀየሩ ግን አንድ ቀን ሙሉ ይባክናል።
2. መኪናውን አሙቁ። ፀሐይ ላይ ማቆም በቂ ነው፤ በደመናማ ቀን ኮንዴንሰሩና ድራየሩ አጠገብ የሃሎጅን መብራት አድርጉ። ኢቫፖሬተሩ (የካቢኑን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ዳሽቦርድ ውስጥ ስለሆነ ፀሐይ አያገኘውም፤ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የካቢኑን ማሞቂያ ከፍታችሁ አየሩን በውስጥ ዑደት ላይ አድርጉት። ሲስተሙ ባዶ ሆኖ ግን ኮምፕረሰሩ እንዳይዞር፤ ፍሪሲዮን የሌለው፣ ቺንጋው እስከዞረ ድረስ የሚዞር ኮምፕረሰር ያለበት መኪና ሞተሩ አይነሣ።
3. ሁለቱንም፣ ሰማያዊውንም ቀዩንም (የከፍተኛውን ግፊት)፣ ከፍታችሁ ፓምፑን አስነሡ። ጋዝ ባላስት (እንፋሎቱ በፓምፑ ዘይት ውስጥ እንዳይቀር ጥቂት አየር የሚያስገባ ቫልቭ) ያለው ፓምፕ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ክፍት ይሁን።
4. ከ20 ደቂቃ በኋላ ቫልቮቹን ዝጉና ፓምፑን አጥፉ፤ ከዚያ ናይትሮጅን ከውጭ አየር ጥቂት እስኪበልጥ ድረስ ሙሉ። አሥር ደቂቃ ይቆይ። ደረቁ ናይትሮጅን እንፋሎቱን ይቀላቀለዋል። ልቀቁትና እንደገና ሳቡ። ይህን ሁለት ጊዜ አድርጉ።
5. ሦስተኛው ሳብ ረዥሙ ነው፤ ቢያንስ 45 ደቂቃ። ዝናብ ላይ ተከፍቶ የቆየ ሲስተም ከሆነ ሁለት ሰዓት አይበዛበትም።

ናይትሮጅኑን በመካከል ያስገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ካለና ኃይለኛ ፓምፕ በፍጥነት ከሳበው ውኃው ሲፈላ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ከ4,600 ማይክሮን በታች ደግሞ በረዶ ይሆናል። ከበረዶ የሚወጣው እንፋሎት በጣም አዝጋሚ ነው። ጌጁ ጥሩ ቁጥር ያሳያችኋል፤ ኋላ ሲሞቅ ግን ውኃው እዚያው ነው።

መፈተኛው እንዲህ ነው። ቫልቮቹን ዘግታችሁ ፓምፑን አጥፉና 15 ደቂቃ ማይክሮኑን ተመልከቱ። ትንሽ ወጥቶ ከ1,500 በታች ረግቶ ከቆመ ደርቋል። ወጥቶ ወጥቶ ከፍ ባለ ቁጥር ላይ ከቆመ እርጥበት ወይም ከዘይቱ የሚወጣ የጋዝ ቅሪት ነው፤ በ20 ዲግሪ ከ17,000 አካባቢ ከቆመ ግን ፈሳሽ ውኃ አለ ማለት ነው። ሳያቆም የሚወጣ ከሆነ ያፈሳል፤ ወደ ሳሙናው ተመለሱ።

ማይክሮን ጌጅ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ናይትሮጅኑን አይዝለል፣ መኪናውን ያሙቅ፣ ሰዓቱን ያስረዝም፣ የሚሠራበትን ከተማ ከፍታ አስልቶ መርፌው ከዚያ ከፍተኛ ቁጥር ላይ መጣበቁን ይይ። ይህ ግምት ነው፤ ግን በዕውቀት የተገመተ ነው።

ጋዝ መሙላት

በሚዛን ብቻ። ለአነስተኛ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ350 እስከ 550 ግራም ውስጥ ነው፤ ተለጣፊው ያለውን አድርጉ። ከሲሊንደሩ ወደ ጌጁ የሚመጣውን ቢጫ ቱቦ በጋዙ አስነፍሳችሁ አየሩን አስወጡ፤ ይህን ከረሳችሁ የሰዓታት ድካማችሁ በአንድ ቱቦ አየር ይበላሻል። ሞተሩ ጠፍቶ ፈሳሹን በቀዩ በኩል አስገቡ። መግባት ሲያቆም ቀዩን ዝጉ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ የቀረውን ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጋችሁ በጋዝነቱ በሰማያዊው ሙሉ። ሞተሩ እየሠራ ቀዩ ቫልቭ ከተከፈተ የኮምፕረሰሩ ግፊት ወደ ጋዙ ሲሊንደር ይመለሳል፤ ሲሊንደሩ ሊፈነዳ ይችላል።

ጋዙን ስትገዙ ጥንቃቄ አይለያችሁ። አር 134ኤ ተብሎ አር 40 (ሜቲል ክሎራይድ) የተቀላቀለበት ሐሰተኛ ጋዝ በዓለም ገበያ ታይቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. በዚህ ዓይነት ጋዝ የተሞሉ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል፤ አር 40 ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ተቀጣጣይ ነገር ይፈጥራል። የሲሊንደሩን ግፊት ማየት ጥቂት ይረዳል፦ በ20 ዲግሪ ሠንጠረዡ 68 ፒኤስአይ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ጌጁ 72 ያህል ያሳያል፤ ያው የከፍታው ነገር ነው። ከዚያ በብዙ ከራቀ አትንኩት። ቁጥሩ ስለገጠመ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የምታምኑት ሻጭ ይበልጣል።

ሲሞላ በደቂቃ በ1,500 የሞተር ዙር፣ በ30 ዲግሪ አካባቢ ዝቅተኛው ጎን ከ1.5 እስከ 2.5 ባር፣ ከፍተኛው ከ14 እስከ 16 ባር ገደማ ይሆናል። ቀዝቀዝ ባለ የአዲስ አበባ ማለዳ ከፍተኛው ከዚህ ዝቅ ቢል ጋዝ አትጨምሩበት፤ ሚዛኑን እመኑ። ፋኑ መዞሩን እዩ፤ የፋን ሶኬት ሳይሰካ የተረሳበት አዲስ ኮንዴንሰር ብዙ አይቻለሁ።

መኪናውን ግማሽ ሰዓት አሠሩት። የዚያ ቪትዝ ዓይነት በሽታ በአምስት ደቂቃ አይታይም። ሰማያዊው መርፌ ሳይወርድ ከቆየ ጌጁ የተሰካባቸውን የሁለቱን ቫልቮች ክዳን መልሱ፤ ከቫልቩ ልብ የሚያልፈውን የሚይዘው ያ ክዳን ነው። ከዚያ በነጭ ፕላስተር ላይ ቀኑን፣ የገባውን ጋዝ በግራም፣ የተጨመረውን ዘይት በሲሲ ጽፋችሁ ከኮፈኑ ሥር ለጥፉ። ቀጥሎ የሚከፍተው መካኒክ እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።